ከመርዶ በፊት የተደረገ ጨዋታ

መርሳ ውስጥ መላኩን የሚያከብረው ሰው ብዙ ነው፤ አብሮት ሻይ መጠጣት የሚፈልግ ግን የለም። መላኩ አይስቅማ። ቀልድ ሲነግሩት እስኪያልቅ በትሕትና ይጠብቅና «እሺ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ደጋግሞ ሻይ የሚጋብዝ ከተገኘ ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ ጉዳይ አለው።

ሥራው መስኖ ነው። በሀብሩ ወረዳ የመስኖ ባለሙያ ሆኖ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ያለውን ቦይ ሲከተል ፀጉሩ ሸበተ። ገበሬ ከገበሬ በውሃ ተራ ሲጣላ እሱን ይጠሩታል። መጥቶ መሃላቸው ይቆማል። አይቆጣም፣ አይለማመጥም። «ማክሰኞ የአንተ፣ ረቡዕ የእሱ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። አንዱም አይከራከረው፤ ከመላኩ ጋር መከራከር ከድልድይ ጋር እንደመከራከር ነው።

ከሥራው ሌላ የቀረው ነገር ቼዝ ነው። ከግብርና ኮሌጅ ይዞት የመጣ ሱስ ነው። ዛሬ መርሳ ውስጥ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወይ መላኩ ራሱ አስተምሮታል፣ ወይ መላኩ ያስተማረው ሰው አስተምሮታል። በዞኑ የቡድን ሊግ ከተማ ከከተማ ሲጋጠም አራት ሰው በአራት ሰው ፊት ይቀመጣል፤ ከየቡድኑ ብርቱው አንደኛ ሰሌዳ ላይ ነው። የመርሳ አንደኛ ሰሌዳ የመላኩ ነው፤ ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ታይቶ አይታወቅም።

ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ የሚቀመጠው የቡድኑ አምበል ሙሐመድዘይን ነው። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ ሱቁ ውስጥ ካለው ጨርቅ ሁሉ ይረዝማል ይሉታል። ከመላኩ ጋር የልጅነት ጓደኞች ነበሩ። አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰዓታት ያሳልፋሉ፣ ስለ ቼዝም ይነጋገራሉ። ስለ ሌላ ነገር ግን መላኩ ሚስቱን ብርቱካንን ከቀበረ ወዲህ፣ ይኸው ሦስት ዓመት፣ አንዲት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሙሐመድዘይን ምክንያቱን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም አይጠይቅም።

የዚያ ቅዳሜ ጨዋታ የዓመቱ የመጨረሻ ነበር። መርሳ ወልድያን ካሸነፈች ባሕር ዳር ላይ ለክልሉ ውድድር ትቀርባለች። ቡድኑ ጠዋት በሚኒባስ ተሳፈረ። ከኋላ ሰላም የምትባለው የሒሳብ መምህርትና አናጢው አማረ ያለፈውን ሳምንት ጨዋታ እያነሱ ይጨቃጨቃሉ። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሲደርስ የሙሐመድዘይን ስልክ ጠራ። የደወሉት የሰፈሩ እድር፣ የቅሬው ሰብሳቢ አቶ ወርቁ ነበሩ። ሰውየው ስልክን ስለማያምኑት እየጮሁ ነው የሚያወሩት፤ የተናገሩትን መኪናው ሙሉ ሰማ።

«ሙሐመድዘይን፣ ከጎንህ ማን አለ?»

«የኛው ልጆች ናቸው፣ ጋሽ ወርቁ።»

«ዘነበች አርፋለች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።»

ሰላምና አማረ ጭቅጭቃቸውን አቆሙ። ወይዘሮ ዘነበች የመላኩ ጎረቤት ናቸው፤ ግቢያቸውን የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ልጃቸው ኤርሚያስ ደግሞ ወልድያ ባንክ ውስጥ የሚሠራ፣ ለወልድያ አንደኛ ሰሌዳ ላይ የሚጫወት፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መላኩ ፊት የሚቀመጠው ሰው ነው።

«ኢና ሊላሂ» አለ ሙሐመድዘይን። «እንግዲያው እንመለስ? ጨዋታው ይቅር?»

«እንዳታደርጉት!» አሉ አቶ ወርቁ። «ካስቀራችሁት ልጁ ይጠረጥራል። እህቱ ከአዲስ አበባ እስክትገባ ቀብሩ ነገ ነው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እናረዳዋለን። ለሚስቱ ነግረናታል፣ ትጠብቀዋለች። እናንተ እንደ ወትሯችሁ ሁኑ። ከጠየቃችሁም ደህና ናቸው በሉት። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

ነውር የለበትም። ሰው እናቱ መሞቷን በመንገድ ላይ፣ ብቻውን ቆሞ አይሰማም። ሌሊቱን ተኝቶ፣ ማለዳ፣ ዘመዶቹ ግራና ቀኝ ይዘውት ነው የሚረዳው። እስከዚያ የሚያውቀው ሁሉ ይዋሻል፤ ውሸቱም እንደ ውሸት አይቆጠርም።

ሰላም ማልቀስ ጀመረች። ሙሐመድዘይን ውሃ አቀበላትና ፊቷን ታጠበች። «እኔ ምንም አልሆንም» አለች እያበሰች። «ግን ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ጋሼ መላኩ ነው። እሱስ?»

«መላኩማ ምን ይሆናል» አለ አማረ። ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ «በክፉ አይደለም» ብሎ ጨመረ።

በክፉ አልነበረም፤ እውነቱን ነው። መላኩ በመስኮቱ የሲሪንቃን የሙከራ ማሳዎች እያየ ነበር። እትዬ ዘነበች ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወጥ የሞላ ሳህን በአጥር በኩል ሲያቀብሉት ኖረዋል። «ብላ፣ ሰው አይደለህም ወይ?» ይሉት ነበር። አሁን እኚያ ሴት የሉም። ይህን ለራሱ ነገረውና ጠበቀ። ምንም አልመጣም። እግር ሲደነዝዝ በእጅ እንደሚነካኩት ልቡን ነካ ነካ አደረገው፤ ያው ነው። አዘነ ማለት አይቻልም። ማዘን ነበረበት ብሎ አሰበ፤ ያቺን ብቻ።

ጨዋታው አንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ኤርሚያስ እየሳቀ ገባ። ከሩቅ እጁን ዘርግቶ መጥቶ መላኩን በትከሻው ሳመው።

«ጋሼ፣ ዛሬ አለቀልህ! ስልኬን ቤት ረስቼ ነው እንጂ ፎቶ አነሳህ ነበር፤ ከመሸነፍህ በፊት ምን ትመስል እንደነበር እንዲታወስ።»

ስልኩን አልረሳውም። ሚስቱ ደብቃበታለች። መላኩ «እሺ» አለ።

«እማዬ ከትናንት ወዲያ ምን አለችኝ መሰለህ?» ኤርሚያስ ወንበሩን እየሳበ ቀጠለ። «‘መላኩን እንዳታሸንፈው፤ ለሱ ከዚህ ሌላ ምን ቀረው?’ አትለኝም! እኔ ልጇ ነኝ ወይስ አንተ?»

ሁለተኛው ሰሌዳ ላይ ሙሐመድዘይን ሳል ያዘው። ሰላም የጫማዋን ማሰሪያ ልታስር አጎነበሰች፤ ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም። መላኩ ብቻ ኤርሚያስን ቀጥ ብሎ አየው። «እናትህ ልክ ናቸው» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው። ኤርሚያስ ሳቀ። ዳኛዋ ፌቨን ዝምታ አዘዘች፣ ሰዓቶቹም መቁጠር ጀመሩ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ሄደ። መላኩ ይጫወታል፣ የሰዓቱን ቁልፍ ይጫናል። ኤርሚያስ ልጅ ሳለ ያስተማረው እሱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮም ይቸኩላል። ደስ ሲለው ደግሞ ያንጎራጉራል። ዛሬ አቀማመጡ አምሮለታል መሰለው፣ አንድ የአምባሰል ዜማ በአፍንጫው ያዘ። ፌቨን በዓይኗ ገሠጸችው፤ አቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ሳያውቀው እንደገና ጀመረ።

ያ እንጉርጉሮ ነው መላኩን የነካው። አዘነ አይባልም፣ ግን ምቾት ነሳው። ዘፈኑን መስማት አቅቶት ሰሌዳውን ትቶ የኤርሚያስን አፍ ማየት ጀመረ። ደስተኛ አፍ ነው። እናቱ መርሳ ላይ ተገንዘዋል፣ አፉ ይዘፍናል።

መላኩ ይህን አፍ ያውቀዋል። የገዛ አፉ ነው። ብርቱካን የሞተች ቀን እሱና ሙሐመድዘይን ደሴ ነበሩ፤ እሱ ለሥልጠና፣ ሙሐመድዘይን ጨርቅ ሊያመጣ። እሷን መርሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ድንገት ሆዷን አመማት፣ ሳይመሽ አለቀች። ለሙሐመድዘይን ተደወለለት፤ እንደ ደንቡ ነው፤ እስኪነጋ እንዳይሰማ ተባለ። ሙሐመድዘይን መላኩን እራት ይዞት ሄደ። ጥብስ በሉ። መላኩ ያን ማታ እንባው እስኪወርድ ስቋል፤ ሆዱን ይዞ፣ ጠረጴዛውን እየመታ። ተሰናብተው እንደ ሕፃን ተኛ። ሲነጋጋ የሆቴሉ በር ተንኳኳ፣ ሽማግሌዎች ቆመው ነበር፣ ሙሐመድዘይን ከኋላቸው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መርሳ ሁሉ ያውቃል። በቀብሯ ላይ አላለቀሰም። ሰው አማው፣ ከዚያ አዘነለት፣ ከዚያ ተወው። ለማንም ያልነገረው ነገር ግን አለ፤ እሷ ተገንዛ ተኝታ እሱ ጥብስ አጉርሶ ጎርሶ ይስቅ ነበር። ሊያለቅስ ሲሞክር ያ ሳቅ ይመጣና ጉሮሮው ላይ ይቆማል። ያሳቀኝ ሙሐመድዘይን ነው ብሎም ቂም ያዘበት። ቂም እንኳ ሲባል ሞቅ ያለ ነገር አይደለም፤ የቀዘቀዘ ቂም ነው፣ ከሰላምታ የማያሳልፍ።

እና አሁን ኤርሚያስ ያንጎራጉራል። ነገ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ይህን ዘፈን ይሰማዋል። መላኩ እንደዚያ አሰበ። ያዘዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚያደርገው ግን እሱ ነው። የሙሐመድዘይን ወንበር ላይ የተቀመጠው ዛሬ እሱ ነው።

ኤርሚያስ በዚያ መሃል ንግሥቱን አነሳና በጀብዱ መሃል ሜዳ ላይ አቆማት። ስሕተት ነበር፣ ያውም ትልቅ። የመላኩ ፈረስ አንድ ጊዜ ቢዘል ንጉሡንም ንግሥቲቱንም ባንድ ላይ ይይዛል፤ ንጉሡ ሲሸሽ ንግሥቲቱ ትበላለች፣ ጨዋታውም አበቃ። መላኩ ወዲያው አየው። እንዲህ ያለውን ነገር በእንቅልፉም ያያል። እጁ ተነሳ፣ ወደ ፈረሱ ሄደ፣ ሳይነካው ቆመ። ባሕር ዳር እዚያ ፈረስ ላይ ተንጠልጥላለች። በዚያኛው ዳር ባለው ሰሌዳ አማረ አሸንፎ ጨርሶ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

መላኩ ከዳር አንዲት ወታደር አንድ ቤት ገፋ። ለምንም የማትጠቅም ወታደር ናት።

«አቻ እንውጣ» አለ።

ኤርሚያስ እንጉርጉሮውን አቆመ። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ መላኩ ከእሱ ጋር አቻ ጠይቆ አያውቅም፣ ከማንም ጋር ጠይቆ አያውቅም። ከዚያ ሰሌዳውን አየ። ንግሥቱን አየ፣ ፈረሱን አየ። የሠራው ስሕተት ገባውና ጭንቅላቱን ያዘ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«አላየኸውም?» አለ በሹክሹክታ።

መላኩ ዓይኑን ከወታደሯ አላነሳም።

«ጋሼ፣ አይተኸዋል። አንተ ይሄ አያመልጥህም።» ዓይኑ ወደ ሰላም ሄደ፤ ሰላም አቀርቅራለች። ወደ ሙሐመድዘይን ሄደ፤ ያ ወሬኛ ሰው ጠዋቱን ሙሉ አንድ ቀልድ አልቀለደም። ኤርሚያስ ኪሱን ዳበሰ፣ ስልኩ የለም። የመርሳ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ደግነት ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሲሄድ ታየ።

«እማዬ ናት?»

እዚህ ላይ የሚባለው ይታወቃል። «ኧረ ደህና ናቸው፣ ምን ነካህ?» ነው የሚባለው። መላኩ ቃሉ አፉ ላይ ነበር፤ ፊቱም እንዲህ ላለ ነገር የተሠራ ነው። አላለውም።

«አዎ» አለ። «ዛሬ ጠዋት። አልተሠቃዩም።»

ኤርሚያስ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ጮኸ። አዳራሹ ሙሉ ተነሳ፣ ወንበር ወደቀ። ሙሐመድዘይን ሰሌዳውን በደረቱ ገፍቶ ደረሰና ኤርሚያስን አቀፈው፤ «አብሽር፣ አብሽር ወንድሜ» እያለ። በትከሻው ላይ አሻግሮ መላኩን ያየው አስተያየት ግን አብሽር የሚል አልነበረም።

የሁለቱ ከተሞች ግጥሚያ እዚያው ቆሞ አቻ ተብሎ ተመዘገበ፤ ማሸነፍ የነበረባት መርሳም ባሕር ዳርን አላየችም። ስለዚያ ያወራ የለም። የተወራው ሌላ ነው። አቶ ወርቁ በስልክ ሲጮሁ መርሳ ላይ ሆነው ወልድያ ድረስ ያለ ስልክም ይሰሙ ነበር። «አንድ ሌሊት ዝም ማለት ያቅተዋል? እሱ? ዓመት ሙሉ ዝም የሚለው ሰውዬ?» አሉ። መላኩ ስድቡን ሁሉ ተቀበለ። አልከፋውም። እንዲያውም ሦስት ዓመት ያልተሰማው ነገር ተሰማው፤ አንድ ትክክለኛ ነገር ሠራሁ አለ። ኤርሚያስን ከዚያ ሳቅ አዳንኩት አለ።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ሕዝቡ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ኤርሚያስ ነጠላውን አደግድጎ ከእህቱ ጎን ተቀምጦ ነበር። መላኩ ቀረበና «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለው ኤርሚያስ ቀና ሳይል። «ለምን አልዋሸኸኝም?»

መላኩ መልስ ነበረው። ሦስት ዓመት ሲያብላላው የኖረው መልስ ነው። «ኋላ እንዳይቆጭህ ብዬ ነው» አለ። «እሷ ሞታ እኔ እዘፍን ነበር እያልክ እንዳትኖር።»

ኤርሚያስ ራሱን ነቀነቀ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ብዘፍን ምን ነበረበት? አሸንፈኸኝ ቤት እገባ ነበር። መሸነፌን ልነግራት ስልኬን እፈልግ ነበር። ሳጣው ‘ነገ እደውልላታለሁ፣ ትስቅብኛለች’ ብዬ እተኛ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «እስኪነጋ እናት ነበረችኝ፣ ጋሼ። አንዲት ሌሊት ቀርታልኝ ነበር። እሷን ነው የወሰድክብኝ።»

ሌላ ለቀስተኛ መጣና ኤርሚያስ ተነሥቶ ተቀበለ። መላኩ ከተቀመጠበት መነሣት አቃተው። ያቺን የደሴን ማታ ስንት ጊዜ አገላብጦ አይቷታል፤ ሐዘኑን የሰረቁበት ማታ ናት ብሎ ነበር የሚያያት። ብርቱካን በሕይወት ያለችለት አንድ ማታ ሰጥተውት ይሆናል ብሎ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

እንደምንም ተነሥቶ ወጣ። ሙሐመድዘይን ከድንኳኑ በስተኋላ የቅሬውን አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ሲመጣ አገኘው።

«ሙሐመድዘይን።»

«አቤት።»

«ደሴ፣ ያን ዕለት ማታ» አለ መላኩ። «ምን ብለህ ነው ያሳቅከኝ?»

ሙሐመድዘይን አግዳሚውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ግን በጡጫ ይመጣል ብሎ ነበር የጠበቀው።

«እኔ?» አለ። «እኔ ምን አፍ ነበረኝ? ወላሂ ምራቄ ደርቆ ነበር። ጉርሻው አልወርድ ብሎኝ በውሃ ነበር የምውጠው። አንተ ነህ እኮ ስታወራ ያመሸኸው።»

«ምን አወራሁ?»

«ስለ ብርቱካን ነዋ!»

መላኩ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ቀን ለጨዋታ ስትዘጋጅ ሰሌዳህን ዘርግተህ ትተህ መውጣትህን ነገርከኝ። እሷ አቧራ ስትወለውል ሁሉንም አነሣችው። ተመልሰህ ስታይ ንግሥቲቱ ከነበረችበት ጥግ ተነሥታ ከንጉሡ ጎን ቆማለች። ‘ምነው ብርቱካን፣ ምን አደረግሽ?’ ስትላት፣ ‘ሚስት ሆና ምን ጥግ ለጥግ ያዞራታል፣ ባሏ ጋ አድርሻታለሁ’ አለችህ። እንደሷ አድርገህ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ፣ ድምፅህን አቅጥነህ ነበር የምትነግረኝ። አንተ ትስቃለህ፣ እኔ እዚያ ማዶ ልሞት ነው። ዝም በል እንዳልልህ፣ ዝም ካልክ ብርቱካን ታልቅብሃለች ብዬ ፈራሁ።»

«ከዚያስ?» አለ መላኩ።

«ከዚያማ ስለ ሠርጋችሁ ጀመርክ…»

ሙሐመድዘይን አጠገቡ ተቀምጦ መናገሩን ቀጠለ፤ የሚያስታውሰውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር። መላኩ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅ ይመስል ነበር፤ ቆይቶ ድምፅ አወጣ፣ ድንኳን ውስጥ ያሉት እስኪሰሙት አለቀሰ። አቶ ወርቁ ብቅ ብለው አዩትና ቁጣቸው በረደ። «እሰይ፣ ይውጣለት» አሉ ለሰዉ። «ዘነበች እንደ እናቱ ነበረች።»

ሙሐመድዘይን አላረማቸውም። የሠርጉን ወሬ ከተቋረጠበት ጀመረ።